የመኸር ግምገማችንና የሱሉልታዋ ጊደር

ከመኪና መስኮት አንገቴን አውጥቼ አንድ ማሳ ካየሁ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚወርድ ሳልሳሳት እናገራለሁ። ሌላው ባለሙያ ገመድ ይዘረጋል፣ ካስማ ይተክላል፣ ናሙና ያጭዳል፣ ይመዝናል። እኔ ዓይኔን ጨፈን ገለጥ አድርጌ እጨርሳለሁ። መሥሪያ ቤታችን ይህን ችሎታዬን በቅጡ ቢረዳ ኖሮ ሚዛኖቹን ሁሉ አስወግዶ ለእኔ መነጽር ይገዛልኝ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆንም እውነት ነው፤ ቢያንስ እስከ መጀመሪያው ቀን ረፋድ ድረስ እውነት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ አዝመራው ሲደርስ በየአቅጣጫው ቡድን ይላካል። ሰብሉ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ከረመ፣ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ደረሰ ወይ እያለ ይጠይቅና ጠቅላላ የአገሪቱን መኸር የሚያሳይ ሪፖርት ይወጣል። ዘንድሮ አንዱ ቡድን ባሌ ደረሰው፣ አንዱ ጎጃም፣ አንዱ ወለጋ። የእኛ ቡድን የደረሰው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነው። ባለቤቴ ሻንጣ ሳዘጋጅ አይታ «ወዴት ነው?» አለችኝ። «ሰበታ» ስላት ሻንጣውን ከእጄ ወስዳ ፌስታል ሰጠችኝ።

እናንተም አትሳቁ። አብዛኞቻችሁ ከሰበታ ይልቅ ዱባይን ታውቃላችሁ። ሰበታን የምታውቋት ከጅማ ስትመለሱ እንቅልፍ በያዛችሁ ጊዜ ነው። ሱሉልታን የምታውቋት በጎጃም አውቶብስ መስኮት ነው። ቡራዩ ደግሞ የሠርግ ጥሪ ልኮላችሁ «ሩቅ ነው» ብላችሁ የቀራችሁበት ዘመዳችሁ የሚኖርበት ቦታ ነው። ስለዚህ እንደ ሩቅ አገር አድርጌ ልንገራችሁ።

ሦስት ነን። ዶክተር ሶስና የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ቀልድ ስነግራት ልክ የታመመ በግ እንደምታይ አድርጋ ታየኛለች። ለማ ሹፌራችን ነው፤ የጫንጮ ልጅ ስለሆነ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይነዳቸዋል። ሰብሉ የእኔ ድርሻ ነው፣ ከብቱ የሶስና፣ መንገዱ የለማ።

አንደኛ ቀን

የእርሻ ግብዓት እጥረትን ልንገመግም የተነሣን ሰዎች ገና ከከተማ ሳንወጣ በራሳችን ግብዓት እጥረት ተያዝን። ናፍጣ የለም። ማደያው ፊት የተሰለፈው መኪና ብዛት ከእኛ ሰፈር የቀበሌ ዳቦ ሰልፍ ይረዝማል። ለማ ሞተሩን አጥፍቶ ተኛ። እኔ ወርጄ በሰልፉ ላይ ግምገማ አካሄድኩ፤ ከፊታችን ያለው የሲኖትራክ ሾፌር ባል ካገባች ሳምንቷ የሆነ እህት እንዳለችው ሁሉ ነገረኝ። እናንተ ሰፈር ጎረቤት ለጎረቤት ይህን ያህል የሚነጋገረው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

ናፍጣው ሲገኝ አየር ጤናን፣ ዓለም ገናን አልፈን ሰበታ ገባን። ቁርስ ጨጨብሳ በላን። የቁርስ ቤቷ ባለቤት ቅቤውን ስታፈስ እጇ አልተንቀጠቀጠም። እኛ ቤት ጨጨብሳ ላይ የሚደርሰው የቅቤው ሽታ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ማንኪያውን ነክራ አውጥታ በላዩ ታሳልፈዋለች። ለማ ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻውን በላና «መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ሆድ ባዶ ከሆነ ይጎዳል» አለ። መንገዱ አስፋልት ነው።

ከሰበታ ወጥተን ወደ ተጂ ስንጠጋ ፋብሪካዎቹ አለቁና ሜዳው ተዘረጋ። ጥቁር አፈር፣ ቢጫ ጤፍ፣ አልፎ አልፎ አረንጓዴ ሽምብራ። አንድ ማሳ ግን ከሩቅ ጠራኝ። ወገብ የሚደርስ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ በነፋስ እንደ ውኃ የሚንቀሳቀስ።

«ለማ አቁም» አልኩ። አንገቴን አወጣሁ፣ ዓይኔን ጨፈን ገለጥ አደረግሁ። «ይህ ስንዴ በሄክታር ከአርባ ኩንታል በታች ከሰጠ ስሜን እቀይራለሁ። ማዳበሪያ አልደረሰም የሚለው ወሬ ሁሉ የሰነፍ ወሬ ነው፤ ጻፊልኝ ዶክተር።»

ሶስና እስክሪብቶዋን አላነሣችም።

ባለማሳው ከዳር ሆኖ ሲያየን ቆይቶ መጣ። ኦቦ ደበላ ይባላል፤ ጺሙ ሸብቷል፣ ሳቁ ግን ገና አልሸበተም። ከለማ ጋር ሰላምታ ጀመሩ። አካም ጅርቱ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብት ደኅና፣ ጎረቤት ደኅና፣ ዝናቡ እንዴት ነበር፣ አካም ጅርቱ እንደገና። የእነሱ ሰላምታ ከእኛ ሰፈር የቤት ኪራይ ውል ይረዝማል፤ ልዩነቱ ውሉ ሲያልቅ ሰው ይጣላል።

ተራዬ ሲደርስ «ኦቦ ደበላ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ። «ስንዴዎ ያስቀናል።»

ማሳውን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ወደ ለማ ዞረ።

«የቱ ስንዴ?»

«ይሄ።»

«ይሄማ ሲናር ነው።»

ሲናርን ለማታውቁት፦ ከስንዴ ጋር አብሮ የሚበቅል አረም ነው። ሲያድግ የስንዴ ወንድም ይመስላል፣ ስንዴው የሚበላውን ይበላል፣ ስንዴው የሚጠጣውን ይጠጣል፣ በመጨረሻ ፍሬ ስጥ ሲባል እኔን አይመለከተኝም ይላል። ለሳምንት መጥቶ ዓመት የከረመ የሚስት ወንድም በሉት።

«ስንዴውስ የታለ?» አልኩ።

«እታች አለ። ጎንበስ ብለህ ብትፈልገው አታጣውም።» ቀጠለ፤ «ማዳበሪያው ዘግይቶ መጣ። ፀረ አረሙ ጭራሽ አልመጣም። ሲናሩ ግን በሰዓቱ መጣ።»

ለማ መኪናው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ሶስና ያን ጊዜ እስክሪብቶዋን አወጣች። «አርባ ኩንታል ሲናር ብዬ ልጻፍ?»

ኦቦ ደበላ ግን ሳቁን ገታ አድርጎ አዘነልኝ። «አትፈር። ባለፈው የመጣው ሰውም ስንዴ ነው ብሎ ፎቶ አንስቶ ሄዷል» አለኝ። በሬዎቹ ዘንድሮ ገለባ እንደማይቸግራቸው፣ ለእነሱ መልካም ዘመን እንደሆነ፣ ችግሩ እሱ በሬ አለመሆኑ ብቻ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ ወደ ሌላው ማሳው ገብቶ እሸት ሽምብራ ከነቅጠሉ ነቅሎ በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ። ሽምብራው ማዳበሪያ አልጠየቀውም፤ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ነው የበቀለው። እኛ ሰፈር የተሳሳተ ሰው ይሰደባል። ተጂ መንገድ ላይ የተሳሳተ ሰው እሸት ይሰጠዋል።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ገመድ ዘረጋሁ፣ ካስማ ተከልሁ፣ ናሙና አጨድሁ። ወገቤ እስካሁን ይመሰክራል።

ማታ ሰበታ አደርን። ቤቴ ከዚያ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው፤ ግን ደንብ ደንብ ነው፣ የመስክ ሠራተኛ መስክ ያድራል። ፔንሲዮኑ ውስጥ ለክፍሌ ሁለት ቁልፍ ተሰጠኝ፤ አንዱም በሩን አይከፍትም። የአጠገቤ ክፍል ተከራይ፣ ታሪኩ የሚባል የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ በማንኪያ እጀታ ከፈተልኝ። የሆሳዕና ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር የእሑድ መዝሙር እያጠኑ ነበር። ምግብ ቤቱ «ሁሉም አልቋል» ስላለን እሱ እናቱ በአውቶብስ የላኩትን ቆጮ በጎመን አቀረበልን።

ከሥራ አልወጣሁምና «እናንተ አገር ማዳበሪያ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እንሰት ማዳበሪያ አይጠይቅም ጋሼ። የከብት እበት ነው የሚፈልገው።»

«ከብቱስ ምን ይፈልጋል?»

«የእንሰቱን ቅጠል።»

«ታዲያ ሰዉስ?»

«ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ። መሬቱ ግን ለእኛ አልበቃ አለ፣ ፋብሪካ መጣን» አለና ጎመን ጨመረልኝ። መዝሙሩን እስኪጨርሱ አብሬ አዜምኩ፤ ሶስና በማግስቱ ጠዋት የእኔን ድምፅ ብቻ ለይታ እንደሰማች ነገረችኝ። ምስጋና አልነበረም።

ሁለተኛ ቀን

ቡራዩ ላይ ማሳ መፈለግ የእኛ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ምንጭ እንደመፈለግ ነው። ድሮ ገብስ የነበረበት ቤት ሆኗል፣ ቤት የነበረበት ፎቅ ሆኗል። ከብቱ ግን አልወጣም። በሁለት ፎቆች መካከል፣ ልብስ ከተሰጣበት ገመድ በታች፣ የፈረንጅ ዲቃላ ላም ቆማ ታመሰኳለች።

ወይዘሮ ዘነበች እንዲህ ያለ ግቢ አላቸው። ሰፈሩን ወተት የሚያጠጡት እሳቸው ናቸው። ወደ ግቢያቸው የምትወስደው መንገድ ጠባብ ነች፤ ለማ «ትበቃናለች» አለ፣ የግራው ጎማ ግን አልተስማማም፤ ቦይ ውስጥ ገባ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እኛ ሰፈር መኪና ቦይ ሲገባ ሰው በስልክ ይቀርጻል፤ እዚህም ቀረጹ፣ ግን በአንድ እጅ። በሌላው ገፉ። ጎማው ወጣ፤ ከሥር የታጠፈ ብረት ግን ስላለ ለማ መካኒክ ፍለጋ ሄደ።

እኔ ሥራ ጀመርኩ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ ስንት ላም አለዎት?»

«እግዜር የሰጠኝን ያህል።»

«እሱማ ነው፤ ስንት ሰጠዎት?»

«ያልነሣኝን ያህል።»

ሶስና በክርኗ ገፋ አደረገችኝ። «እማማ፣ ጠዋት ስንት ባልዲ መኖ ነው የምታቀርቡት?» አለች። «አራት» አሉ ሳያንገራግሩ። ከብት በቁጥር አይጠራም፤ ባልዲ ግን ቢጠራ ምንም አይሆንም። ይህን ነገር ሃያ ዓመት ስሠራ አላወቅሁትም ማለት አይደለም። አውቀዋለሁ፤ ምላሴ ነው የማያውቀው።

መኖውን በተመለከተ ወይዘሮ ዘነበች ብዙ አሉ። ፉርሽካ ጠፋ። ከዘይት መጭመቂያ የሚተርፈው ፋጉሎም ጠፋ። «ለልጄ ሚስት ሽማግሌ የላክሁት አንዴ ነው» አሉ፤ «ለፉርሽካ ነጋዴ በየሳምንቱ እልካለሁ። እሷ እሺ አለች፣ እሱ ግን ገና ቤተሰቦቹን እየጠየቀ ነው።» ወተቱ ከአምናው እንደቀነሰ ተናገሩ፤ በምን ያህል እንደቀነሰ ሶስና በጣሳ ጠይቃ አወቀች።

እኔ ሳቃቸው ደስ ብሎኝ ጨዋታ ለመጨመር ዙሪያዬን አየሁ። አጥራቸው ላይ ዱባ ተንጠልጥሏል። «ይቺ ዱባ እኮ ቅዳሜ ገበያ ብትወርድ በክሬን ነው የምትጫነው» ብዬ በጣቴ ጠቆምኳት።

ወይዘሮ ዘነበች ወደ ጣቴ ዞሩ።

«ጣትህን ንከስ» አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች።

«ምን?»

«ንከስ ነው የምልህ። የተጠቆመ ዱባ አይቆይም፤ ይበሰብሳል። በጣት አይጠቆምም።»

የኅምሳ ዓመት ሰው፣ የመንግሥት መታወቂያ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩ፣ የሰፈሩ ሰው ፊት ቆሜ አመልካች ጣቴን ነከስኩ። «ጠበቅ አድርገህ» አሉ። ጠበቅ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ፈገግ አሉ፣ ወተት አፈሉልኝ፣ መኪናው እስከ ማታ አለመሠራቱ ሲታወቅ የልጃቸውን ክፍል ለእኔና ለለማ፣ የራሳቸውን አልጋ ለሶስና ሰጡ። የደንቡን መስክ አደርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ብርድ ልብስ ለብሼ አላውቅም፤ ክብደቱ የጥጃ ያህል ነበር። ጠዋት ስንወጣ ዱባዋን አየኋት። ደኅና ነች። ጥርሴ ሥራውን ሠርቷል።

ሦስተኛ ቀን

በእንጦጦ ጀርባ ወርደን ሱሉልታ ስንገባ ሜዳው ላይ ውርጭ ነበር። አዲስ አበባ «ብርድ ነው» የምትሉት ነገር ሱሉልታ ላይ ሸሚዝ አውልቆ የሚኬድበት ነው። ድርቆሽ የጫኑ አይሱዙዎች ከፊታችን ይሄዳሉ፤ ቤት ተነሥቶ ጎጆ ፍለጋ የሚሄድ ይመስላል።

የምንሄደው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደ ጫንጮ አቅጣጫ፣ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ አዛውንት ጋ ነው። የለማ አባት ወዳጅ ናቸው። ገብሳቸውን ወቅተው የሚሰፍሩት በዚያ ቀን ነበርና ለግምገማችን ከዚህ የተሻለ የለም፤ ናሙና ሳይሆን ምርቱን ራሱን እናያለን።

ለማ መኪናውን አቁሞ ዞር አለ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር። አውድማ ላይ ጫማ ይወልቃል።»

«ይወልቃል።»

«መስፈር ከተጀመረ ወሬ የለም። በተለይ ቁጥር አይጠራም፤ በረከቱ ይሸሻል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ።»

ሶስና ከተነሣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

አዴ ጫልቱ፣ የኦቦ ቱሉ ባለቤት፣ በረንዳ ላይ አስቀምጠው አሬራና የገብስ ቆሎ ሰጡን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይናቸው ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። ባላቸው አውድማውን ሲጠርጉ እሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩን፤ ለማ ይተረጉምልናል። ማዳበሪያ የደረሳቸው ለግማሹ መሬት ብቻ ነው። ግማሹ ገብስ ቆመ፣ ግማሹ ተቀመጠ። አሮጊቷ ላም በክረምት ሞታለች። ከጥቂት በጎች ሌላ የቀረችው አንዲት ጊደር ናት፤ ቡሬ ይሏታል፣ ዥጉርጉር ስለሆነች። ቡሬን በሰው ሠራሽ ዘዴ ለማዳቀል ቴክኒሻን ተጠርቶ ነበር፤ የኮርማውን ዘር አቀዝቅዞ የሚያቆየው ፈሳሽ ናይትሮጅን አልቋል ተብሎ ሳይመጣ ቀረ።

«ያ ጎተራ ይታያችኋል?» አሉ። በጭቃ የተለሰነ ጎተራ ነው፤ ወገቡ ላይ እንደ መቀነት ጎላ ያለ መስመር አለው። «ገብሱ ከመቀነቱ ካለፈ እስከሚቀጥለው አዝመራ ያደርሰናል። ካላለፈ ቡሬ ትሸጣለች። የከብት ነጋዴው ዛሬ ከሰዓት ይመጣል፤ ባለቤቴ ቀጥሮታል።» ወደ ባላቸው አዩና «እሱም አይወድም። ግን ሰው ሳይበላ ጊደር አይቀለብም ይላል» አሉ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለቻቸው ሶስና።

«እኔማ እሷን ከሸጥን ወተት የሚባለውን ነገር ለልጅ ልጆቼ በተረት ነው የምነግራቸው።»

ጫማችንን አውልቀን አውድማው ዳር ተቀመጥን። በእበት የተለቀለቀ፣ ጠፍጣፋ፣ ንጹሕ ነው፤ የእኛ ኮንዶሚኒየም ደረጃ እንዲህ ተጠርጎ አያውቅም። ኦቦ ቱሉ ቁናቸውን አነሡ። የመጀመሪያውን ሰፍረው «ኤባ» አሉ፣ በረከት ማለት ነው፤ ጆንያው ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ በኋላ የተሰማው የገብሱ ድምፅ ብቻ ነው። ጆንያው ሲሞላ ለማ ተሸክሞ ጎተራው ውስጥ ይዘረግፋል፣ ይመለሳል። ማንም አይናገርም። አዴ ጫልቱ መቀነቱን ብቻ ያያሉ።

ዝምታ ለእኔ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አፌን ዘጋሁ፤ ሐሳቤን ግን ማን ይዘጋዋል። ቁናውን ተከትዬ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። የሥራ ልማድ ነው። እህል ሲሰፈር አይቼ የማልቆጥር ከሆነ ለምን ደመወዝ ይከፈለኛል? አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። ሳላስበው ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሶስና አየችኝ። ነገሩን ለማቆም ትንፋሼን ዋጥ ሳደርግ፣

«አሥራ ሰባት» አልኩ።

ጮክ ብዬ። ጥርት አድርጌ። በሪፖርት ማቅረቢያ ድምፅ።

የኦቦ ቱሉ እጅ አየር ላይ ቆመ። በቁናው ውስጥ የነበረውን ገብስ መልሰው ክምሩ ላይ አፈሰሱት። ለማ ዓይኑን ጨፈነ። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አዛውንቱ ግን አልተቆጡም። እንደ ታመመ ሰው አዩኝ። «ወንድሜ ደክሞሃል» አሉኝ በአማርኛ። «ሂድ፣ ጓሮ ጊደሯን ያዝልን። ነጋዴው ሲመጣ እንዳትፈለግ። እሷን ብትቆጥራትም ግድ የለም፤ አንድ ናት።»

አዴ ጫልቱ ወስደው ገመዱን እጄ ላይ አስያዙኝ። ቡሬ ቀይና ነጭ ነች፤ ሽፋሽፍቷ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ትንፋሿ የሚታይ። አዴ ጫልቱ ጆሮዋን አከክ አደረጉላት፣ አንድ ነገር በኦሮምኛ ሹክ አሏት፣ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ስንብት መሆኑን ቋንቋው ባይገባኝም ገባኝ። እኔና ቡሬ በገመዱ ሁለት ጫፍ ቆመን ተያየን። ገመዱ ረጅም ነው፤ እኔ ጫፉን ነው የያዝኩት።

ጥቂት ቆይቶ አይሱዙ ጥሩንባ ነፋና ነጋዴው መጣ። ላዩ ላይ ሌሎች ከብቶች ጭኗል። ከሲታ ሰውዬ ነው፣ ዱላውን ከጀርባው አጋድሞ ይዟል። «አጎቴ፣ ያዝ አድርጋት ልያት» አለኝ። ጀርባዋን ዳሰሰ፣ ጎኗን መታ መታ አደረገ። ቡሬ አልወደደችውም። አንገቷን ወደ እኔ አዞረች፣ በአፍንጫዋ እፍ አለች፣ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተራመደች።

ገመዱ መሬት ላይ ነበር።

እንዴት መሬት ላይ እንደደረሰ በኋላ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል። ቡሬ ግን አልጠየቀችም። በአጥሩ ክፍተት ወጣች፣ የድርቆሹን ሜዳ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ አቋረጠች፣ ከወንዙ ማዶ ተሰወረች። ነጋዴው ሮጠ። ለማ ጆንያውን አስቀምጦ ሮጠ። ሶስና ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። እኔ ገመዱ የነበረበትን ቦታ እየጠበቅሁ ቀረሁ። ኦቦ ቱሉ ከአውድማው ቀና ብለው አዩ፣ መልሰው አቀረቀሩ። የተጀመረ መስፈር አይቋረጥም።

ነጋዴው እያለከለከ ተመለሰ። መኪናው ላይ ያሉት ከብቶች ውኃ እንደጠማቸው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲስ አበባ መድረስ እንዳለበት ተናገረ። ወደ አውድማው ጮክ ብሎ ሊጠራ ሲል አዴ ጫልቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙት። እስኪያልቅ ልጠብቅ አልጠብቅ እያለ ሲያመነታ ከመኪናው ላይ አንድ ወይፈን አገሳ። ሄደ።

ቡሬ የተገኘችው ከወንዙ ማዶ አንድ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው። ከጎረቤቱ ኮርማ ጎን ቆማ ድርቆሽ ትበላለች። እኔም በዘዴ ዞሬ ደረስኩ። ባለቤትየው በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

«ይህችማ ደንበኛችን ናት» አለ። «ክረምቱን በሙሉ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት። እኔ አዴ ጫልቱ የላኳት መስሎኝ።»

ሶስና ቀስ ብላ ወደ ጎረቤትየው ዞረች። «ክረምቱን በሙሉ?»

«በሙሉ ባይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ።»

ሶስና እጅጌዋን ሰበሰበች። ከቦርሳዋ ክርኗን አልፎ የሚሄድ ጓንት አወጣች። ለማ ቡሬን ያዘ። እኛ ዘወር አልን። አዴ ጫልቱም እስከዚያ ወንዙን ተሻግረው ደርሰው ነበር። ሶስና እጇን አውጥታ ጓንቱን በዝግታ አወለቀች፤ ይህች ሴት ነገር ማቆየት ትችላለች።

«እርጉዝ ናት» አለች። «ሦስት ወር ይሆናታል።»

አዴ ጫልቱ ቁጭ አሉ። መሬት ላይ፣ ልክ የቆሙበት ቦታ። ጎረቤቱ ኮርማውን መታ መታ አደረገና «ቴክኒሻኑ ናይትሮጅን አለቀብኝ ብሎ ሳይመጣ ቀረ አላችሁኝ አይደል? የእኔው ናይትሮጅን አይፈልግም፤ አበልም አይጠይቅም» አለ። ያን ቀልድ እኔ ብናገረው ኖሮ ሶስና ትኮሳተር ነበር። ለእሱ ሳቀችለት።

ቡሬን እየመራን ስንመለስ ኦቦ ቱሉ ሰፍረው ጨርሰው ጎተራው ሥር ቆመዋል። አዴ ጫልቱ መቀነቱን አዩ። ገብሱ አልደረሰም። አንድ ጋት ያህል ይቀረዋል። እኔ በዚያች ሰዓት አሥራ ሰባት የሚለውን ቁጥር ከቋንቋው ማውጣት ብችል አወጣው ነበር።

ሚስት ለባል በኦሮምኛ ነገሩ። አዛውንቱ ረጅም ጊዜ ቡሬን አዩ።

«ነጋዴው ሄደ?»

«ሄደ» አለ ለማ።

«ሁለት ነፍስ በአንድ ዋጋ ልሸጥ ነበር» አሉ። ጎተራውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «ለዚህ ለጎደለው በጎቹ ይሸጣሉ። ድርቆሹ ግን አይነካም፤ ለእሷ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። የሚመጣው ዓመት ማዳበሪያ በጊዜው ይመጣል?»

ለዚህ ጥያቄ ሌላ ጊዜ የምመልሰው መልስ አለኝ። በባቡር ይመጣል፣ ገና ከመርከብ ሳይወርድ ይሸታችኋል እላለሁ። አዴ ጫልቱን ሳይ አልወጣልኝም።

«አላውቅም ኦቦ ቱሉ» አልኩ። «አለመድረሱን ግን እንዳየሁት እጽፋለሁ።»

«ጻፍ» አሉ። «አሁን ቁጥርም ብትጠራ ግድ የለም፤ መስፈሩ አልቋል።» ስንት ቁና እንደሆነም ራሳቸው ነገሩን። ሶስና ጻፈች። እኔ አፌን ይዤ ቆምኩ።

ልንሄድ ስንል አዴ ጫልቱ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ወጡ። ከለማ አልፈው፣ ከሶስና አልፈው ለእኔ ሰጡኝ። የሚናገሩትን ለማ ተረጎመልኝ፦

«ሆዴን አይተህ ነው የለቀቅሃት ይሉሃል። ሁላችንም ባለቤቴን ፈርተን ዝም ስንል፣ እንግዳው ግን እንደ ወንድም አሰበልኝ ይሉሃል።»

አንገቴን ደፋሁ። ትሑት ሰው እንደሚደፋው አድርጌ። «ገላቶማ» አልኩ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ በኦሮምኛ ሳልሳሳት የምላት ቃል እሷ ናት። ሶስና በጥልቀት አየችኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቢሮ ገባ፤ ለማ መኪና ብቻ አይደለም የሚነዳው። ኃላፊያችን በሻይ ሰዓት «ከገበሬው ጎን የቆመ ባለሙያ» ብሎ ጠቀሰኝ። ባለቤቴ ቅቤውን ስታነጥር «እኔ የማላውቀው ልብ አለህ ለካ» አለችኝ፤ ያን ዕለት ማንኪያውን ከነሙላቱ ገለበጠችው። ሪፖርቱ ውስጥ ሲናሩ አለ፣ ፉርሽካው አለ፣ ያልመጣው ቴክኒሻን አለ፣ ከመቀነቱ አንድ ጋት የጎደለው ገብስ አለ። ገመዱ የለበትም።

ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ቡሬን የለቀቅኋት ለአዴ ጫልቱ አዝኜ አይደለም። አንገቷን ወደ እኔ አዙራ አንድ እርምጃ ስትራመድ እጄ በራሱ ተከፈተ። ሃያ ዓመት የሰብልና የእንስሳት ገምጋሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ከብት እፈራለሁ።